በአሜሪካን አገር ትንንሽ የግል ኮሌጆች ለመግባት ያለው ዕድል እንዴት ይመዘናል?

መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ሲቃረብ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚጨርሱ ወጣቶቻችን ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች ማመልከቻ መጻፍ ይጀምራሉ። በዚሁ ወራት በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ሠራተኞች ከታናናሽ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ይኸውም «በዚህ ነጥብ አሜሪካን አገር እገባለሁን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም። ጠያቂው በልቡ የያዘው የአገራችንን የፈተና ሥርዓት ሲሆን፣ ማመልከቻው የሚላክለት ኮሌጅ የሚሠራው ግን በሌላ ሥርዓት ነውና።

በእኛ ዘንድ መስመር አለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 27 ሺህ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ የሚታወስ ነው። ከመቶ 3 ጥቂት ፈቀቅ የሚል ቁጥር መሆኑ ነው። ውጤቱ ምንም ቢመር፣ መስመሩ የት እንደ ተሰመረ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ያለፈው ማለፉን፣ የወደቀውም በስንት ነጥብ እንደ ወደቀ ተረዳ። በአሜሪካን አገር በትንንሾቹ የግል ኮሌጆች ግን እንዲህ ያለ መስመር ጨርሶ የለም። ከፍተኛውን ነጥብ ያመጣ ተማሪ ሲቀር፣ ከእርሱ ያነሰው ሲገባ ይታያል። ይህን የተመለከቱ ብዙ ሰዎች ነገሩ ሁሉ ዕጣ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዘመድ ያለው ብቻ የሚገባበት ነው ብለው ይደመድማሉ። ሁለቱም አባባል ከእውነት ጥቂት ጥቂት ይኑረው እንጂ ነገሩን በቅጡ አይገልጸውም።

አስቀድሞ ስለ ኮሌጆቹ ማንነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ትንንሽ የግል ኮሌጆች» የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሺህ እስከ 3 ሺህ ተማሪዎች ያሏቸው፣ ተማሪው እዚያው እያደረ የሚማርባቸው፣ ስለ ትምህርት ስፋት እንጂ ስለ አንድ ሙያ ብቻ የማያስቡ ተማሪ ቤቶች ናቸው። በሜይን ግዛት ያለው ቦውዶይን እ.ኤ.አ. በ1794፣ በማሳቹሴትስ ያለው አምኸርስት በ1821፣ በአዮዋ ያለው ግሪኔል በ1846፣ ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች በፊላዴልፊያ አጠገብ ያቋቋሙት ስዋርትሞር ደግሞ በ1864 የተመሠረቱ ናቸው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ኮሌጆች አብዛኞቹ የሚሰጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲግሪውን ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የያዘ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ለራሱ ወደ እነርሱ መጻፉ ከንቱ ድካም ነው፤ ለእርሱ የሚስማማው ለከፍተኛ ዲግሪ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ነው። ታናሹን ለመምከር ግን ከማንም ይልቅ የተሻለ ቦታ ላይ ያለው እርሱ ነው።

የእነዚህ ኮሌጆች የቅበላ ጽሕፈት ቤት ሥራው አመልካቾችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ማሰለፍ አይደለም። ሥራው አንድ ክፍል ማዋቀር ነው። በጠቅላላው 1 ሺህ 900 ያህል ተማሪዎች ብቻ ያሉት አምኸርስት በየዓመቱ አዲስ የሚያስገባው ከ500 የማይበልጥ ነው። ከእነዚህ ከ500 በማይበልጡ ወንበሮች ላይ የእግር ኳሱ፣ የዋናውና የሩጫው ቡድን መሟላት አለበት፤ በአምኸርስትም ሆነ በጎረቤቱ በዊልያምስ ከተማሪው ሢሶ ያህሉ የኮሌጁ የስፖርት ቡድን አባል ነው። የሙዚቃው ጓድ ቫዮሊን የሚመታ ያስፈልገዋል። የፊዚክሱ ክፍል ተማሪ አነሰኝ ይላል። ከሩቅ ግዛት፣ ከገጠር፣ ከውጭ አገርም የሚመጣ ይፈለጋል። ብዙዎቹ ኮሌጆች ደግሞ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ልጆች ያደላሉ። ይህን አድልዎ አምኸርስት በ2021፣ ዌስሊያን ደግሞ በ2023 አስቀርተውታል፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም በ2024 ባወጣው ሕግ በግል ኮሌጆች ላይ ከልክሎታል። በሌሎች ቦታዎች ግን አሁንም አለ። እንግዲህ አንድ ተማሪ «ለምን ቀረሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እውነተኛው መልስ ብዙ ጊዜ «በዚያ ዓመት አንተን የሚመስል ሌላ ተማሪ አስቀድሞ ስለ ተያዘ» የሚል ይሆናል። ይህም ቢሆን ለተማሪው አይነገረውም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ለውጥ መጥቷል። የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 በሰጠው ፍርድ፣ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ የአመልካቹን ዘር እንደ አንድ መመዘኛ እንዳይቆጥሩ ከልክሏል። ውጤቱም ወዲያው ታየ። በአምኸርስት አዲስ ከገቡት ተማሪዎች መካከል ጥቁሮቹ ከመቶ 11 የነበሩት፣ በ2024 መኸር ወደ ከመቶ 3 ወርደዋል። ይህ ነገር በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላደጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች በቀጥታ የሚነካቸው ጉዳይ ነው። የታላቅ እኅቱን ዕድል አይቶ የራሱን የሚገምት ወጣት፣ እኅቱ ከ2023 በፊት የገባች ከሆነች ግምቱ ይስታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኮሌጆቹ «ከመቶ ይህን ያህሉን እንቀበላለን» እያሉ ያስታውቃሉ። አምኸርስትን የመሰሉት ከመቶ 10 በታች ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የማንም አመልካች ዕድል አይደለም፤ የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ዕድል ተደባልቆ የወጣ አማካይ ነው። ለሒሳብ እንዲመች ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 10 ሺህ ማመልከቻ ደርሶት 1 ሺህ ተማሪ የሚቀበል ኮሌጅ ከመቶ 10 ተቀበለ ይባላል። ከአመልካቾቹ 3 ሺህ የውጭ አገር ሰዎች ቢሆኑና ከእነርሱ 90 ቢገቡ፣ የውጭው አመልካች ዕድል ከመቶ 3 ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ከመቶ 13 ይሆናል። ያው ኮሌጅ፣ ያው ዓመት፣ ሁለት የተለያየ በር። ደግሞም ከ10 ሺው ውስጥ 800 ሰዎች በቅድሚያ አመልክተው 300 ቢገቡ፣ ለቀሩት 9 ሺህ 200 የሚተርፈው 700 ቦታ ነውና ዕድላቸው ወደ ከመቶ 7 ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ደግነቱ ይህን ዝርዝር ለማግኘት የቅበላውን ሹም ማወቅ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ኮሌጆች «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል አንድ ወጥ ቅጽ በየዓመቱ ሞልተው ለሕዝብ ያወጣሉ። በውስጡ «ሲ» የተባለው ክፍል ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ስንቱ እንደ ተፈቀደለትና ስንቱ በእርግጥ እንደ ገባ ይናገራል። እንዲሁም ነጥብ፣ ድርሰት፣ የመምህር ደብዳቤ፣ አመልካቹ ለኮሌጁ ያሳየው ፍላጎት፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚመዝን ኮሌጁ ራሱ ምልክት ያደርግበታል። ለእኛ ልጆች ከሁሉም የሚበልጠው ግን «ኤች» የተባለው የገንዘብ ርዳታ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ኮሌጁ ለስንት የውጭ አገር ተማሪዎች ርዳታ እንደ ሰጠና በአማካይ ለእያንዳንዱ ስንት ዶላር እንደ ደረሰ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ የአራቱንም ዓመት ተማሪዎች የያዘ ስለ ሆነ ለአራት ማካፈል ይገባል። 60 የሚል ቢሆን፣ በዓመት 15 ቦታ ለዓለም ሁሉ ማለት ነው፤ ለቻይናው፣ ለሕንዱ፣ ለናይጄሪያው፣ ለእኛም። አማካዩ ርዳታ ከኮሌጁ የዓመት ወጪ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ እውነተኛ ርዳታ ነው። ወጪው 80 ሺህ ሆኖ አማካዩ 20 ሺህ ከሆነ ግን ቀሪውን መክፈል ለሚችል ሰው የተዘጋጀ ቅናሽ ነው።

ስለ ገንዘቡ ጉዳይ ረዘም አድርገን ብንናገር አንባቢ ይታገሠን፤ ዋናው በር እርሱ ነውና። በታወቁት ትንንሽ ኮሌጆች ለአንድ ዓመት የትምህርቱ፣ የመኝታውና የምግቡ ወጪ በአንድነት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ሆኗል፤ ከ90 ሺህ ያለፉም አሉ። የአሜሪካን መንግሥት ለተማሪዎች የሚሰጠው ርዳታና ብድር ደግሞ በተማሪ ቪዛ ለሚገባ ሰው አይፈቀድም። ስለዚህ ክፍያውን መሸፈን የሚችለው ቤተ ሰቡ ወይም ኮሌጁ ራሱ ነው። አምኸርስት ከ2008፣ ቦውዶይን ከ2022 ጀምሮ የውጭ አገር ተማሪ ሲመርጡ ኪሱን እንደማያዩ አስታውቀዋል፤ ከተቀበሉት በኋላም የጎደለውን ይሞላሉ። ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም.አይ.ቲ. እንደዚሁ ያደርጋሉ። የሚበዙት ትንንሽ ኮሌጆች ግን የውጭውን ሰው ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን ይመለከታሉ። ይህ ማለት ሁለት እኩል ተማሪዎች ቢቀርቡ ከፋዩ ያልፋል ማለት ነው። በርዳታ ጠያቂዎቹ መካከል ያለው ፉክክርም ከታወጀው ቁጥር እጅግ የበረታ ነው። ኮሌጁን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ያውቃልና። አመልካቹም ማወቅ አለበት።

በዚህ ላይ ከሳጥን ሳጥን ይለያል። አምኸርስት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀማጭ ሀብት አለው። በበቆሎ እርሻ መካከል ያለው ግሪኔል ከ2 ቢሊዮን በላይ አለው። ለዚህ ያበቃውም አንዱ ምክንያት፣ የቀድሞ ተማሪው ሮበርት ኖይስ በ1968 ኢንቴል የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም ኮሌጁ ገንዘቡን አስቀድሞ እዚያ ማስገባቱ ነው። አንድ ተማሪ ያመጣው ሲሳይ እስከ ዛሬ ለማያውቃቸው ልጆች የትምህርት ክፍያ ሆኖ ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል።

እዚህ ላይ በአሜሪካን አገር የሚኖሩትን የወገኖቻችንን ልጆች ለብቻ ማንሳት ያስፈልጋል። ዜግነት ወይም የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ያለው ልጅ፣ የተወለደው አዲስ አበባ ይሁን ጎንደር፣ በቅበላው መዝገብ የአገሬው ሰው ተብሎ ነው የሚቆጠረው። የመንግሥቱም ርዳታ ይገባዋል። ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአጎት ልጅ «እኔ በዚህ ነጥብ ገብቻለሁ» ቢል፣ አዲስ አበባ ላለው ዘመዱ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

እስከ አሁን የተናገርነው በራቸው ጠባብ ስለ ሆኑት ነው። ነገር ግን «ትንሽ የግል ኮሌጅ» በሚለው ስም ሥር ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ተቋም አለ፤ ይኸውም ተማሪ አጥቶ የሚጨነቀው ነው። በአሜሪካን አገር በ2007 የተወለዱት ሕፃናት 4.3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየቀነሰ በ2020 ወደ 3.6 ሚሊዮን ወርዷል። በ2007 የተወለዱት 18 ዓመት የሞላቸው በ2025 ነውና፣ ከዚያ በኋላ ወደ ኮሌጅ የሚሄደው ወጣት እያነሰ መሄዱ የማይቀር ነው። ሀብት የሌላቸው ትንንሽ ኮሌጆች ይህ ቀን ሳይደርስ መዘጋት ጀምረዋል። በ1824 የተቋቋመው ካዘኖቪያ በ2023፣ በ1856 የተቋቋመው በርሚንግሃም ሳውዘርን በግንቦት 2024 ተዘግተዋል። በ1868 የተመሠረተው ዌልስ ኮሌጅ የሚዘጋ መሆኑን ያስታወቀው በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ሲሆን፣ የተዘጋውም የዚያው መንፈቅ ትምህርት እንዳበቃ ነው፤ ተማሪዎቹ ሌላ ቦታ ለመፈለግ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። ስዊት ብራየር የተባለው የሴቶች ኮሌጅ በ2015 ሊዘጋ ተወስኖ ሳለ የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አድነውታል፤ ይህ ዓይነቱ ዕድል ግን ለሁሉም አይገጥምም።

እንዲህ ያሉት ኮሌጆች ከሚያመለክቱት አብዛኞቹን ይቀበላሉ። ደብዳቤያቸው ያማረ ነው፤ «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃልም በጉልህ ይጻፍበታል። ነገሩን ሲመረምሩት ግን ዋጋ ሰቅሎ ጠርቶ በኋላ «ለአንተ ስል» እያለ እንደሚቀንስ የመርካቶ ነጋዴ ነው። በአሜሪካን አገር የግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪ ከተጠራው የትምህርት ዋጋ በአማካይ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው። ስለዚህ 60 ሺህ ዶላር በሚጠራ ኮሌጅ የ25 ሺህ ዶላር «ስኮላርሺፕ» ማግኘት ክብር ሳይሆን ተራ የገበያ ዋጋ ነው። የቀረው 35 ሺህ በአራት ዓመት 140 ሺህ ዶላር ይሆናል። ቤት ሸጦ የመጀመሪያውን ዓመት የከፈለ አባት ሁለተኛውን ከየት ያመጣል? ልጁስ በቪዛው ደንብ መሠረት በትምህርት ወራት ከኮሌጁ ግቢ ሳይወጣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት የማይፈቀድለት ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ደመወዝ ይህን ሊሞላ አይችልም።

በከተማችን «መቶ በመቶ አስገባለሁ» የሚሉ ደላሎች የሚያተርፉት በዚህ ክፍተት ነው። እውነታቸውን ነው፤ ከአሥር ስምንቱን የሚቀበል ኮሌጅ ዘንድ ማንም ሰው ማንንም ማስገባት ይችላል። ገንዘብ የሚቀበሉበት ሥራ ልጁ ራሱ በአንድ ሳምንት ሊጨርሰው የሚችል ነው። «ኮመን አፕሊኬሽን» የተባለው ማመልከቻ በ1975 በ15 የግል ኮሌጆች ተጀምሮ ዛሬ ከ1 ሺህ በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ሆኗል፤ አንድ ጊዜ የተሞላው ለብዙዎች ይላካል። የማመልከቻውን ክፍያ መክፈል ለማይችልም ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይምሩታል። የመግቢያ ፈተናውንም ነገር ቢሆን ቦውዶይን ከ1969 ጀምሮ ግዴታ አላደረገውም፤ ከ2020 ወዲህ ብዙዎች ተከትለውታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፈተናው የተመለሱም ስላሉ በየኮሌጁ ማጣራት ያስፈልጋል።

ደላላው የማይሠራው፣ የእኛም ተማሪ ቤቶች የሚያበላሹት አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የመምህር ደብዳቤ ነው። በእኛ ልማድ ርእሰ መምህሩ ስለ ተማሪው ሲመሰክር «ጨዋ፣ ታዛዥና ትጉህ ነው፤ በጠባዩ የተመሰገነ ነው» ብሎ ማኅተሙን ያደርግበታል። ይህ ለእኛ ትልቅ ምስጋና ነው። ደብዳቤውን አሜሪካን አገር የሚያነበው ሰው ግን ከእንዲህ ያለው ሺህ ስላየ ምንም አይገባውም። እርሱ የሚፈልገው ልጁ በክፍል ውስጥ ምን ጥያቄ እንደ ጠየቀ፣ የትኛውን የሒሳብ ጥያቄ በሌላ መንገድ እንደ ፈታ፣ መብራት ሲጠፋ የኬሚስትሪውን ሙከራ እንዴት አድርጎ እንደ ጨረሰ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ማዕረግ ያለው ርእሰ መምህር ከሚጽፈው፣ ልጁን የሚያውቀው ተራ መምህር ቢጽፈው ይበልጣል። ከ650 ቃል የማይበልጠው ድርሰትም እንደዚሁ ነው። አገርን ስለ ማገልገል የተጻፈ አጠቃላይ ንግግር ከሚሆን ይልቅ፣ ልጁ በእውነት ስለሚያውቀው አንድ ነገር፣ ስለ እናቱ ጉሊት ሒሳብም ቢሆን፣ ቢጻፍ ይነበባል።

ዝርዝራቸውን ለሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ የተለየ ኮሌጅ መጥቀስ ተገቢ ነው። በኬንታኪ ያለው ቤርያ ኮሌጅ በ1855 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ የሚመርጠውም አቅም የሌላቸውን ነው። ከውጭ አገር የሚቀበለው ቁጥር በጣም ጥቂት ስለ ሆነ ማንም ይህን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ የለበትም፤ ነገር ግን ድህነት እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መመዘኛ የሚቆጠርበት ቦታ በመሆኑ፣ ስሙ ከታወቁት ጋር በአንድ ዝርዝር ሊገባ ይገባዋል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ቅድሚያ ማመልከቻ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት 22 ግድም ወይም ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሆን መልሱ በታኅሣሥ መጀመሪያ ይሰጣል። ይህ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ቃል ያስገባል፤ የተፈቀደለት ሰው ሌሎቹን ትቶ ሊገባ ይገደዳል። ዕድሉ ከፍ ያለ የሚመስለውም አንዱ ምክንያት በአሠልጣኞች አስቀድመው የተመረጡት ስፖርተኞች በዚሁ በር የሚገቡ በመሆናቸው ነው። ርዳታው ካልበቃ ግን ከቃሉ መፈታት ይቻላል፤ ስለዚህ አንድ ኮሌጅን በእርግጥ ለመረጠ ተማሪ መሞከሩ አይጎዳውም። መደበኛው ማመልከቻ በታኅሣሥ መጨረሻ ይዘጋል፤ መልሱ በመጋቢት አጋማሽ ይመጣል፤ ተማሪውም እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ ምርጫውን ማስታወቅ ይኖርበታል።

በመጋቢት የሚመጣው መልስ አንዳንድ ጊዜ «በተጠባባቂዎች መዝገብ ገብተሃል» የሚል ነው። ከመዝገቡ ስንት ሰው እንደ ተጠራ በዚያው ቅጽ በ«ሲ» ክፍል ተጽፏል። በአንዳንድ ዓመት ብዙ ይጠራል፤ በአንዳንዱ አንድም አይጠራም። ተጠባባቂው በሚጠራበት በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የኮሌጁ የርዳታ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለሌሎች ተሰጥቶ አልቋል። ለቪዛው የሚያስፈልገው «አይ 20» የተባለው ወረቀት የሚሰጠው የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን በማስረጃ ሲቀርብ ብቻ በመሆኑ፣ ርዳታ የሚያስፈልገው የእኛ ተማሪ ከሌላ ቦታ የተሟላ መልስ በእጁ ካለ ያንን መያዝ ነው ያለበት።